የሕመምተኛ ቃል በመድኃኒት ታሪክ ውስጥ፤ የወሊድ መከላከያ ኪኒን ከ1956 እስከ 1970

የመድኃኒት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ከሊቃውንቱና ከሐኪሞቹ ወገን ነው። መድኃኒቱ መቼ ተገኘ፥ ማን አገኘው፥ ምን ጠቀመ ተብሎ ይተረካል። መድኃኒቱን የዋጠው ሰው ግን ወደ ታሪኩ የሚገባው ብዙ ጊዜ በቍጥር ብቻ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ነገሩን ከዋጠው ሰው ወገን ሆኖ መመርመር ነው። ምሳሌ አድርገን የምንወስደውም የወሊድ መከላከያ ኪኒን ነው። ስለ ኪኒኑ ሴቶች የተናገሩት ቃል መጀመሪያ እንዴት እንደ ተጻፈ፥ ቀጥሎ እንዴት እንደ ተናቀ፥ በመጨረሻም በከፊል እንዴት ወደ ሕግ እንደ ገባ እንመለከታለን። «ያልተጠበቀ የጎንዮሽ ጉዳት» የሚባለው አነጋገር ራሱ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ጉዳቱ ያልተጠበቀው በማን ዘንድ ነው? (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

፩. የሚታወቅ ጉዳትና የሚሰወር ጉዳት

ለአገራችን አንባቢ ነገሩን ለማስረዳት ከኮሶ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት በደጋው አገር የኮሶ ትል የተለመደ ስለ ነበረ፥ የእንስቲቱ የኮሶ ዛፍ አበባ ደርቆና ተፈጭቶ፥ በውሃም ተበጥብጦ፥ በየሁለት ወሩ ያህል ይጠጣ ነበር። መጠጡ መራራ ነው፤ ያቅለሸልሻል፥ ሆድ ይቈርጣል፥ ክፉኛ ያስቀምጣል፥ ጕልበት ያደክማል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ለጠጪው እንግዳ ነገር አልነበረም። ኮሶ የጠጣ ሰው ከቤቱ ይውላል፤ እንግዳ አይቀበልም፤ አሽከርም ቢሆን በዚያ ቀን ከሥራው ይፈቀድለታል። ፅንስ እንደሚያስወርድም የታወቀ ነበር። ስለዚህ ጉዳቱ ከባድ ቢሆንም ያልተጠበቀ አልነበረም፤ ማኅበረ ሰቡ አስቀድሞ ስሙን አውቆ፥ ቀኑንም መድቦ ተቀብሎታል።

የልማድ ዕውቀት ግን ወሰን አለው። በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት በኮሶ የተመረዙ ሰዎች ዓይናቸው እንደሚጎዳ ገልጧል። ከብዙ ጠጪዎች መካከል ጥቂቶችን ብቻ የሚያገኝ ጉዳት ከአንድ ቤተ ሰብ ወይም ከአንድ መንደር ልምድ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል፤ ከልዩ ልዩ ስፍራ የመጡ ሕመምተኞች ታሪክ ተሰብስቦ መነጻጸር አለበት።

ከዚህ የምንረዳው ጉዳት በሁለት ወገን እንደሚከፈል ነው። አንዱን የዋጠው ሰው ራሱ ያውቀዋል፤ ቢጠየቅ ይናገረዋል። ሁለተኛው የሚታየው የብዙዎች ታሪክ በመዝገብ ሲሰበሰብ ብቻ ነው። አዲስ መድኃኒት እንደ ኮሶ የአያት የቅድመ አያት ልምድ የሌለው ስለ ሆነ፥ ለሁለቱም ጉዳት የመጀመሪያው ምንጭ የሕመምተኛው ቃል ነው። ይህ ቃል ከተጣለ ምን እንደሚሆን የሚቀጥለው ታሪክ ያስረዳል።

፪. በሪዮ ፒዬድራስ የተደረገው ሙከራ

በአሜሪካ ለወሊድ ቍጥጥር ብዙ ዘመን የታገሉት ማርጋሬት ሳንገር በሚዋጥ መድኃኒት እርግዝናን የሚከላከል ዘዴ እንዲገኝ ይመኙ ነበር። ባለጸጋዋ ካትሪን ማኮርሚክ ገንዘቡን ሰጡ፤ ምርምሩን ግሪጎሪ ፒንከስ የተባሉት የሥነ ሕይወት ሊቅ ከማሳቹሴትስ መሩ፤ ጆን ሮክ የተባሉት የማሕፀን ሐኪምም ተባበሯቸው። ነገር ግን በዚያ ዘመን የማሳቹሴትስ ሕግ የወሊድ መከላከያ መስጠትን ይከለክል ስለ ነበረ፥ መድኃኒቱን በብዙ ሴቶች ላይ ለመሞከር ሌላ ስፍራ ማግኘት ግድ ሆነ። የተመረጠችው በአሜሪካ ሥልጣን ሥር ያለችው የፖርቶ ሪኮ ደሴት ናት። በዚያች ደሴት የወሊድ መከላከያ ከ1937 ጀምሮ በሕግ ተፈቅዶ ነበር፤ ክሊኒኮችም ነበሩ፤ ሕዝቡም ብዙና ድኻ ነበር።

ሙከራው በሚያዝያ 1956 በሪዮ ፒዬድራስ፥ መንግሥት ለድኾች ባሠራቸው ቤቶች በሚኖሩ ሴቶች መካከል ተጀመረ። የደሴቲቱ የቤተ ሰብ ዕቅድ ማኅበር የሕክምና ኀላፊ የነበሩት ዶክተር ኤድሪስ ራይስ ሬይ ሥራውን በቅርብ ይመሩ ነበር። ብዙ ልጆች የወለዱና ማኅፀናቸውን በቀዶ ሕክምና ከማስዘጋት ሌላ አስተማማኝ መንገድ ያላገኙ ሴቶች ኪኒኑን በፈቃዳቸው ተቀበሉት። እርግዝናን እንደሚከላከል ተነገራቸው፤ ገና በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት መሆኑ ግን አልተብራራላቸውም።

ኤኖቪድ የተባለው ይህ ኪኒን 10 ሚሊግራም ያህል ፕሮጀስቲንና ሜስትራኖል የተባለ ኤስትሮጅን የያዘ ነበር። ሜስትራኖል መጀመሪያ የገባው ታስቦበት አልነበረም፤ መድኃኒቱ ሲሠራ ሳይጣራ የቀረ ቅሬታ ነበር። አጣርተው ባወጡት ጊዜ ግን ሴቶቹ ከወር አበባቸው ጊዜ ውጭ ደም ስለ ፈሰሳቸው፥ መጠኑ ተወስኖ እንዲመለስ ተደረገ።

ዶክተር ራይስ ሬይ ያቀረቡት ዘገባ አጭርና ግልጽ ነበር። ኪኒኑ በታዘዘው መሠረት ሲወሰድ እርግዝናን ፈጽሞ ይከላከላል፤ ነገር ግን ከተጠቃሚዎቹ 17 ከመቶ የሚሆኑት ማቅለሽለሽ፥ ማዞር፥ ራስ ምታት፥ የሆድ ሕመምና ማስመለስ ደርሶባቸዋል፤ ስለዚህ ጉዳቱ ስለ በዛ መድኃኒቱ ለሁሉ የሚስማማ አይደለም ሲሉ ደመደሙ።

፫. ቃሉ እንዴት ተተረጐመ

ፒንከስ ይህን ድምዳሜ አልተቀበሉትም። ቅሬታው ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከሴቶቹ አእምሮ የመጣ ነው፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ስለሚያስጠነቅቃቸው የሚሰማቸው ይመስላቸዋል አሉ። ሐሳባቸውንም ለማስረዳት ሌላ ሙከራ አደረጉ። ለአንዳንዶቹ ሴቶች ምንም መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ተሰጥቶ «ሊያማችሁ ይችላል» ተባሉ፤ ለሌሎቹ ደግሞ እውነተኛው ኪኒን ያለ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ባዶውን ኪኒን የዋጡት ከሁለተኞቹ ይልቅ ብዙ ቅሬታ አሰሙ።

ይህን ሙከራ እንዲሁ መናቅ አይገባም። ሰው ይደርስብሃል የተባለውን ሕመም በእርግጥ ሊሰማው እንደሚችል ዛሬም የታወቀ ነው። ነገር ግን ሙከራው የለካው የተነገረውን ቅሬታ ነው፤ በሰውነት ውስጥ የደረሰውን ሁሉ አይደለም። ምንም ያልተነገራት ሴት ማቅለሽለሹን ከምግብ፥ ራስ ምታቱን ከድካም የመጣ አድርጋ ልትቈጥረውና ዝም ልትል ትችላለች። ከዚህም በላይ፥ ማስጠንቀቂያ ቅሬታን እንደሚያበዛ ማሳየት መድኃኒቱ ጉዳት እንደሌለው ማስረዳት አይደለም። ይሁንና የሙከራው ፍሬ ሐሳብ ተግባራዊ ምክር ሆነ፤ ሴቶቹን ባታስጠነቅቁ ይሻላል የሚል አስተሳሰብ ሰፈነ።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኤኖቪድን በ1957 ለወር አበባ ሕመም፥ በ1960 ደግሞ ለወሊድ መከላከያነት ፈቀደ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የሆርሞኖቹ መጠን ደጋግሞ ተቀነሰ፤ እርግዝናን የመከላከሉ ኀይል ግን አልጠፋም። በመጀመሪያው ኪኒን የነበረው ኤስትሮጅን 150 ማይክሮግራም ያህል ነበር፤ ዛሬ በብዛት የሚታዘዙት ኪኒኖች ከ20 እስከ 35 ማይክሮግራም ይይዛሉ። ማቅለሽለሽ በኤስትሮጅን መጠን ልክ እንደሚጨምር ስለ ታወቀ፥ የሪዮ ፒዬድራስ ሴቶች ቃል የመድኃኒቱን መጠን የሚመለከት ምስክርነት ነበር ማለት ይቻላል። ምስክርነቱን የተቀበሉት ሰዎች ግን የሴቶቹን ጠባይ የሚገልጥ ነው ብለው ተረጐሙት።

፬. የተሰወረው ጉዳት መገለጥ

ሁለተኛው ወገን ጉዳት የታወቀው በሌላ መንገድ ነው። በ1961 ጆርዳን የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ለላንሴት መጽሔት በጻፉት ደብዳቤ፥ ይህን መድኃኒት ለማሕፀን ሕመም የወሰደች አንዲት ነርስ በሳንባዋ ደም እንደ ረጋባት ገለጡ። የአንዲት ሴት ታሪክ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ደም ኪኒን በማይወስዱ ሰዎችም ዘንድ ይረጋልና። ነገር ግን ብሪታንያ በ1964 ሐኪሞች የጠረጠሩትን ጉዳት የሚያስታውቁበት የቢጫ ካርድ ሥርዓት አቋቋመች። በ1968 የታተሙ ጥናቶችም በኪኒኑና በደም መርጋት መካከል ያለውን ግንኙነት አረጋገጡ። በታኅሣሥ 1969 የአገሪቱ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ ከ50 ማይክሮግራም በላይ ኤስትሮጅን የያዙ ኪኒኖች እንዳይታዘዙ መከረ።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በጽኑ የታመመ ሰው ለመዳን ሲል ከመድኃኒቱ የሚመጣውን መከራ ይታገሣል። የወሊድ መከላከያ የምትወስድ ሴት ግን ጤነኛ ናት፤ ኪኒኑንም የምትውጠው ለብዙ ዓመታት ነው። ስለዚህ ጥቂቶችን ብቻ የሚያገኘው ጉዳትም ቢሆን፥ ከእርግዝናና ከወሊድ አደጋ ጋር አመዛዝና እንድትወስን ሊነገራት ይገባ ነበር።

በአሜሪካ ይህን ጥያቄ ወደ አደባባይ ያወጣችው ጋዜጠኛዋ ባርባራ ሲማን ናት፤ በ1969 ባሳተመችው መጽሐፍ የሐኪሞችንና የተጠቃሚዎችን ምስክርነት ሰበሰበች። በጥር 1970 ሴናተር ጌሎርድ ኔልሰን ስለ ኪኒኑ ምርመራ ከፈቱ። ብዙ ሊቃውንት ቀርበው መሰከሩ፤ ኪኒኑን ከዋጡት ሴቶች መካከል ግን አንዲት እንኳ ለምስክርነት አልተጠራችም። አሊስ ዎልፍሰንና ጓደኞችዋ ከተመልካቹ ወንበር ተነሥተው ስለዚህ ጉዳይ ጮኸው ጠየቁ፤ ከአዳራሹም እንዲወጡ ተደረገ። በዚያው ዓመት ስለ ጉዳቱ የሚገልጽ ወረቀት በየኪኒኑ ማሸጊያ ውስጥ እንዲገባ ታዘዘ። ወረቀቱ ከመጀመሪያው ረቂቅ እጅግ አጭር ሆኖ ቢወጣም፥ መድኃኒቱ ለሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ለምትውጠው ሴት ጭምር እንዲናገር ሕግ አስገደደ።

፭. ለእኛ ጥናት የሚተርፈው

በአገራችን የኢትዮጵያ ቤተ ሰብ መምሪያ ማኅበር የተቋቋመው በ1966 ነው። በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳመለከተው፥ ከባለትዳር ሴቶች 36 ከመቶ የሚሆኑት የወሊድ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ በመርፌ የሚሰጠውን የሚጠቀሙት ብቻ 23 ከመቶ ነበሩ። ይህ መርፌ የወር አበባን ያዛባል፤ ብዙ ጊዜም ያስቀራል። ሐኪሙ የወር አበባ በመርፌው ምክንያት መቅረቱ በራሱ ጉዳት አይደለም ይላል። አስቀድሞ ያልተነገራት ሴት ግን አረገዝሁ፥ ወይም መካን ሆንሁ ብላ ልትፈራ ትችላለች፤ ባልዋም፥ አማትዋም የየራሳቸውን ትርጕም ይሰጡታል።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የራሱ ቃል አለው፤ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ይባላል። ቃሉ ጥፋቱን በመድኃኒቱም በሰውዬውም ላይ ብቻ አይጥልም፤ በሁለቱ መካከል ስምምነት ታጣ ይላል። በመዝገብ ላይ ግን ይህ ንግግር «አቋረጠች» በሚል አንድ ቃል ይጻፋል። በዚያ «አልተስማማኝም» ውስጥ ራስ ምታት ይኑር፥ የደም መብዛት ይኑር፥ የባል ተቃውሞ ይኑር፥ መዝገቡ አይነግረንም። የሰዎችን ንግግርና ልማድ የሚያጠና ሰው በየገጠሩ ሲዘዋወር ይህን ቃል እንደ ተነገረ ቢጽፈው፥ ተናጋሪዋም ምን ማለትዋ እንደ ሆነ መልሶ ቢጠይቃት፥ ሐኪሙ ከመዝገቡ የማያገኘውን ያገኝለታል። በ1956 በሪዮ ፒዬድራስ ዶክተር ራይስ ሬይ ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ ሴቶቹን ጠየቁ፥ የተነገራቸውንም ጻፉ። የጐደለው ጽሑፉን አምኖ የሚያነብ ነበር።