ተነባባሪው ሃርድ ዲስክ፦ ለጎተራ እንጂ ለገበያ አይሆንም

በቢቸናም ሆነ በሞጣ የሣር ቤት ሲከደን ያየ ሰው የዛሬው ርዕሰ ጉዳያችን አያስቸግረውም። ክዳኑ ከታች ይጀመራል፤ እያንዳንዱ ረድፍ የበታቹን በከፊል እየሸፈነ ወደ ጉልላቱ ይወጣል። ችግሩ የሚመጣው ከመሐል አንዱ ረድፍ ሲበሰብስ ነው። እሱን ለመለወጥ በላዩ የተነባበረውን ሁሉ ማንሣት ግድ ይላል።

በምህጻረ ቃል ኤስ.ኤም.አር የሚባለው ሃርድ ዲስክም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በተለመደው ዲስክ (ሲ.ኤም.አር) መረጃ የሚጻፍባቸው መስመሮች ሳይነካኩ ጎን ለጎን ይሰመራሉ። በኤስ.ኤም.አር ግን እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በከፊል ይሸፍናል። ይህ የተቻለው የዲስኩ መጻፊያ ጫፍ ሰፊ፣ ማንበቢያው ደግሞ ጠባብ ስለሆነ ነው፤ ለማንበብ ሳይሸፈን የተረፈው ቀጭን ጠርዝ ይበቃል። በዚህ ምክንያት በአንድ ሳህን ላይ ተጨማሪ መረጃ ይሰፍራል፤ የማምረቻ ወጪም ይቀንሳል። ሲጌት ኩባንያ እንዲህ ያሉትን ዲስኮች እ.ኤ.አ. በ2013 ለገበያ ማቅረቡን አስታውቋል።

ዕዳው የሚከፈለው የተጻፈውን ለመለወጥ ሲፈለግ ነው። ለአንዲት ትንሽ ፋይል ሲባል ዲስኩ በብዙ ሜጋባይት የሚቆጠሩ መስመሮችን አንብቦ እንደገና ይጽፋል። ይህን ለማቃለል አዲስ መረጃ በቅድሚያ በአንድ ማረፊያ ቦታ ይቀመጥና ዲስኩ ሥራ ሲፈታ ወደ ቦታው ይዛወራል። ማረፊያው ከሞላ ግን ፍጥነቱ ክፉኛ ያሽቆለቁላል። ማንበቡ ላይ ይህ ነው የሚባል ችግር የለም።

እንግዲህ ዲስኩ ለማን ይሆናል? አገራችንን ምሳሌ እናድርግ። ከቢቸና ብዙም ሳይርቅ ክቡር ዶ/ር ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩበት ዲማ ጊዮርጊስ፣ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ደግሞ ደብረ ወርቅ ይገኛል። የእንዲህ ያሉ አድባራት የብራና መጻሕፍት ፎቶ ተነሥተው ይቀመጡ ቢባል፣ አንዱ መጽሐፍ 300 ፎቶ፣ አንዱ ፎቶም 30 ሜጋባይት ቢሆን፣ መጽሐፉ 9 ጊጋባይት ይይዛል። በ8 ቴራባይት ዲስክ ከ800 በላይ መጻሕፍት ይገባሉ። አንድ ጊዜ ተጽፎ ዘወትር ለሚነበብ ለእንዲህ ዓይነቱ ሀብት ተነባባሪው ዲስክ ደህና ጎተራ ነው። የሠርግ ቪዲዮ ለሚያከማች ፎቶ ቤትም እንደዚሁ።

በአንጻሩ ቪዲዮ ለሚቆረጥበት፣ የሒሳብ መዝገብ በየደቂቃው ለሚታደስበት ኮምፒውተር አይመከርም። ሬይድ በሚባለው ዘዴ በርካታ ዲስኮች ተጣምረው ለሚሠሩበት ሰርቨርም እንዲሁ። ከጥምረቱ አንዱ ዲስክ ሲበላሽ ምትኩ ያለማቋረጥ መጻፍ ይኖርበታል፤ ማረፊያው ሞልቶ ሲዘገይ ሥራው ለቀናት ሊጓተት፣ ሰርቨሩም ዲስኩን እንደ ብልሽት ቆጥሮ ሊያስወጣው ይችላል።

ይህ ለክርክር ምክንያት ሆኗል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2020 ዌስተርን ዲጂታል ለቤትና ለአነስተኛ ቢሮ ሰርቨር ብሎ ከሚሸጣቸው «ሬድ» ዲስኮች መካከል ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ያሉት ተነባባሪ መሆናቸው በይፋ ታወቀ። ገዢዎች አልተነገረንም ብለው ተከራከሩ፣ ከሰሱም። በዚያው ዓመት ኩባንያው ተነባባሪ ያልሆኑትን «ሬድ ፕላስ» ብሎ ለይቷል። ሲጌትና ቶሺባም የትኛው ሞዴላቸው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ገልጸዋል። የጸቡ መነሻ የዲስኩ ዓይነት ሳይሆን ዝምታው ነበር።

በእኛም አገር ሕጉ ለገዢው ዝም አላለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 2287 እና 2289 ሻጭን የዕቃው ጉድለት ዋስ ያደርገዋል። ዕቃው በውሉ ለታሰበው ልዩ አገልግሎት አለመስማማቱም እንደ ጉድለት ይቆጠራል። ስለዚህ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ዲስክ ሲገዙ ሦስት ነገሮችን አይርሱ፦ የሞዴሉን ቁጥር ከአምራቹ መግለጫ ጋር ያመሳክሩ፤ «ለሰርቨር አገልግሎት» የሚለውን ቃል ከሞዴሉ ጋር በደረሰኙ ላይ ያስጽፉ፤ ጉድለት ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሻጩ ያስታውቁ። በቃል የተነገረ ለክርክር አይመችም።

አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። መብራት እየሄደ በሚመጣበት ከተማ ዩ.ፒ.ኤስ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ አንድ ዲስክ፣ የትኛውም ዓይነት ይሁን፣ ብቻውን መዝገብ ቤት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ከ8 ሺህ በላይ መጻሕፍትን አንሥቶ ቅጂያቸውን በአሜሪካ ሚኒሶታም አስቀምጧል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ አንዱን ቅጂ ቢቸና ያኖረ ሁለተኛውን ሞጣ ያኑር። ተነባባሪው ዲስክ ርካሽ መሆኑ የሚጠቅመውም ይህን ጊዜ ነው፤ ሁለት ለመግዛት።