ዜና ማልሞ፦ የክሬኑ መሄድና የጠምዛዛው ሕንፃ መነሣት

በደቡብ ስዊድን፣ በኦሬሱንድ ሰርጥ ዳር ባለችው በማልሞ ከተማ፣ በ1840 እ.ኤ.አ. ፍራንስ ሄንሪክ ኮኩም የብረታ ብረት ፋብሪካ አቆመ፤ ፋብሪካውም ከዘመን ወደ ዘመን እየሰፋ መርከብ መሥሪያ ሆነና ስሙ በዓለም ተሰማ። በ1974፣ 138 ሜትር የሚረዝም፣ 1,500 ቶን የሚያነሣ ክሬን በወደቡ ተተከለ፤ የከተማይቱም ምልክት እርሱ ሆነ። ዳሩ ግን የነዳጅ ዋጋ ንሮ የነዳጅ ጫኝ መርከብ ፈላጊ በመጥፋቱ፣ የምሥራቅ እስያ መርከብ ሠሪዎችም ገበያውን በመያዛቸው፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ የንግድ መርከብ ሥራው ቀረ፤ በምትኩ በ1989 የተከፈተው የሳብ መኪና ፋብሪካም በ1991 ተዘጋ። ክሬኑ ለደቡብ ኮሪያው ህዩንዳይ በ1 ዶላር ተሸጦ በ2002 ተፈታትቶ ወደ ኡልሳን ተጫነ፤ በዚያም «የማልሞ እንባ» ተባለ።

ከንቲባው ኢልማር ሬፓሉ ግን ከዚያ አስቀድሞ ከተማይቱን በሌላ መንገድ ሊያነሣ ቆርጦ ነበርና፣ በ1998 በኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ በ2000 ወደ ኮፐንሃገን የሚያሻግረው ድልድይ ተመረቀ፣ በ2001ም «ቦ01» የተባለው የመኖሪያ ቤቶች ዐውደ ርእይ የመርከብ መሥሪያው በነበረበት በምዕራብ ወደብ ሰፈር ተካሄደ፤ ለዚህም በኢንዱስትሪ የተበከለው አፈር መታከም ነበረበት።

በዚያው ዘመን ኤችኤስቢ የተባለው የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ስፔናዊው አርክቴክት ሳንቲያጎ ካላትራቫ የሰውን ገላ መጠማዘዝ አስመስሎ የሠራውን ቅርፅ ወደ ሕንፃ እንዲለውጠው ጠየቀው። ተርኒንግ ቶርሶ የተባለው ሕንፃ ሥራው በዚያው በምዕራብ ወደብ በ2001 ተጀምሮ በነሐሴ 2005 ተመረቀ፤ ቁመቱ 190 ሜትር፣ ፎቁ 54 ነው። በዘጠኝ ክፍሎች ተደራርቦ፣ እያንዳንዱ ወለል ከበታቹ ካለው ጥቂት እየዞረ ስለሚሄድ፣ ጫፉ ከመሠረቱ 90 ዲግሪ ተጠማዟል። ሸክሙን የሚችለው በመካከሉ የቆመው ክብ የአርማታ ግንድ ሲሆን፣ ግድግዳው ከታች 2 ሜትር ወፍሮ ወደ ላይ እየሳሳ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በውጭ የታሰረው የብረት አከርካሪም ነፋሱን ይቋቋማል።

ወጪው ከታሰበው እጅግ ስላለፈ፣ ለሽያጭ የታቀዱት መኖሪያዎች ለኪራይ ቀረቡ። ሰፈሩን ያነሣው ሕንፃው ብቻ ነው ማለት ግን ከእውነት ይርቃል፤ ሥራና ነዋሪ ያመጡት በይበልጥ ድልድዩና ዩኒቨርሲቲው ናቸው፣ ሕንፃው ግን ከተማይቱ ክሬኑን ባጣችበት ሰማይ አዲስ ምልክት ሰጣት። ይህን በጎ ሥራ የሚያወድስ ሁሉ፣ አዲሱ እንጀራ በይበልጥ ለተማሩት እንደ ደረሰ፣ መርከብ ሲበይዱ ላረጁት እጆች ግን በዚያ ወደብ ሥራ እንዳልተመለሰላቸው አብሮ ሊጽፍ ይገባዋል።