ጠላትን ከሰማይ ነጥሎ መምታት፥ ጥቅሙ ወይስ ጕዳቱ ይበልጣል?

እባብ ራሱን ከተመታ ጅራቱ አይጐዳም የሚለው አሳብ በሰው ዘንድ የቈየ ነው። በዘመናችንም ኀያላን መንግሥታት ዐመፀኛን በብዙ ጦር ከማሳደድ ይልቅ መሪውን ብቻ ለይተው በሚሳይል መግደልን የመረጡት በዚሁ አሳብ ተመርተው ነው። ወታደር አይሞትባቸውም፤ ወጪውም ይቀላቸዋል። ነገር ግን የዚህ ሥራ ጥቅም ከጕዳቱ ይበልጣልን? መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የጎረቤታችን የሶማሊያ ታሪክ ብዙ ያስተምረናል።

ሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን እንግሊዞችን 20 ዓመት ያህል ተዋጋቸው። እነርሱም ከ1893 እስከ 1896 ዓ.ም. አራት ጊዜ ዘመቱበት፤ ሊይዙት ግን አልቻሉም። በመጨረሻ በጥር ወር 1912 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1920) 12 አይሮፕላኖች አምጥተው በሜዲሼ የነበረውን ሰፈሩን በቦምብ ደበደቡ። ሰይዱ ለጥቂት አመለጠ። ሦስት ሳምንት ያህል ቈይቶም ዋና ምሽጉ ታሌህ ተያዘ። እርሱም ወደ ኦጋዴን ሸሽቶ በ1913 ዓ.ም. በኢንፍሉዌንዛ በሽታ ሞተ።

ይህን ያዩ የእንግሊዝ ሹማምንት አይሮፕላን በጥቂት ወጪ አገር ያቀናል ብለው አመኑ፤ በ1915 ዓ.ም. የኢራቅን ጸጥታ የማስከበር ሥራ ለአየር ኀይላቸው ሰጡ። ነገር ግን ነገሩን ጠጋ ብሎ የመረመረ ሰው ሌላ ምክንያት ያገኛል። ከአይሮፕላኑ ጋራ በግመል የሚጓዝ ጦርና እግረኛ ወታደር ዘምቶ ነበር። መሪውንም የገደለው በሽታ እንጂ ቦምብ አይደለም። ከእርሱ በኋላም ትግሉን በዚያው ኀይል የሚቀጥል ተተኪ አልተገኘም።

ከ88 ዓመት በኋላ በዚያው በሶማሌዎች ምድር ነገሩ እንደ ገና ተፈተነ። በሚያዝያ 23 ቀን 2000 ዓ.ም. የአሜሪካ ሚሳይል የአልሸባብን የጦር አለቃ አደን ሐሺ አይሮን በዱሳማረብ ገደለው። አራት ወር ሳይሞላ፥ በነሐሴ፥ ይኸው ድርጅት የኪስማዮን ወደብ ያዘ። በነሐሴ 26 ቀን 2006 ዓ.ም. ደግሞ የበላይ መሪው አሕመድ ጎዳኔ ከአየር ተመትቶ ሞተ። በሳምንት ውስጥ አሕመድ ዑመር ተተካ፤ በመጋቢት 24 ቀን 2007 ዓ.ም. ታጣቂዎቹ በኬንያ በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ 148 ሰዎች ፈጁ፤ አብዛኞቹም ተማሪዎች ነበሩ።

ይሁን እንጂ ፍርድ የሚሰጥ ሰው የሁለቱንም ወገን ቃል መስማት ይገባዋል። ከሰማይ የሚመጣው ሞት መሪዎችን እንደ ልባቸው እንዳይሰበሰቡ ከልክሏቸዋል። ኡሳማ ቢን ላደን ራሱ ሰዎቹ ከዋዚሪስታን እንዲወጡ መምከሩ ከሞተ በኋላ በተገኙት ደብዳቤዎቹ ታውቋል። ጎዳኔ በሞተ በአንድ ወር ገደማም የባራዌ ወደብ ከአልሸባብ እጅ ወጥቷል። ነገር ግን ባራዌን የያዘው በምድር የዘመተው የሶማሊያና የአፍሪካ ኅብረት ጦር ነው።

ጕዳቱስ? በታኅሣሥ 8 ቀን 2002 ዓ.ም. በየመን በአልመጃላ በወረደው የአሜሪካ ሚሳይል 41 ሰላማውያን ሰዎች መሞታቸውን፥ ከእነዚህም 21ዱ ሕፃናት መሆናቸውን የአገሩ ምክር ቤት መርማሪዎች አረጋግጠዋል። ልጁን የቀበረ አባት ሚሳይሉ የተላከው ለሌላ ሰው ነው ቢሉት ምን ይጽናናል? የዐመፁ ሰባኪ ብዙ ቃል ሳያወጣ ያንን ቤት ያገኘዋል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ይህን ነው። ሚሳይል ሰውን ይገድላል እንጂ ሰውየው የቆመበትን ምክንያት አይገድልም። በኋላው የሚያረጋጋ ጦር፥ የማያዳላ ዳኛና ለሕዝቡ የሚያስብ አስተዳደር ከተከተለ ጊዜ ይገዛ ይሆናል፤ ካልተከተለ ግን ጕዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። አገር የሚያቀናው በምድር ላይ ከሕዝቡ ጋራ የሚኖር ነው፤ ከሰማይ መትቶ የሚመለስ ግን የመታውን እንጂ ያስቀየመውን አይቈጥርም።