ራሱን የሚጠራ ስም

ቀን በባንክ መስኮት ቼክ ስመረምር የምውል፣ ማታ ግጥም የምሞክር ሰው ነኝ። ባለፈው ክረምት ግን አንድ ወዳጄ ለሼደር ቋንቋ ፕሪፕሮሰሰር ሲሠራ አጠገቡ አመሸሁ። ሼደር በኮምፒውተር ሥዕል ላይ የእያንዳንዷን ነጥብ ቀለም የሚወስን ፕሮግራም ነው። ፕሪፕሮሰሰሩም ማክሮ የሚባሉትን አጫጭር ስሞች አስቀድሞ በረጅም ፍቺያቸው ይተካል፤ በፍቺው ውስጥ ሌላ ማክሮ ቢገኝ እርሱንም ይፈታል። በዚያች ሌሊት አንድ ስም በፍቺው ውስጥ ራሱኑ ይዞ ተገኘ። ማሽኑም ሲፈታ፣ ሲፈታ፣ ማኅደረ ትውስታው ሞልቶ ቆመ።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 አካባቢ የሲ ቋንቋ ፕሪፕሮሰሰር ሲፈጠር ሥራው ፋይል ማስገባትና ስምን በጽሑፍ መተካት ብቻ ነበር። ማይክ ሌስክ፣ ኋላም ጆን ራይዘር፣ ፓራሜትር ያላቸውን ማክሮዎች ጨመሩበት። ዴኒስ ሪቺ በኋላ እንደ ጻፈው፣ እንደ ተደራቢ እንጂ እንደ ቋንቋው አካል ስላልታየ በቀደሙት መመሪያዎች ውስጥ አገላለጹ የላላ ሆኖ ቀረ።

ቁርጥ ያለው ሕግ የመጣው በ1989ኙ የአሜሪካ ደረጃ ነው፦ በመፈታት ላይ ያለ ስም በራሱ ፍቺ ውስጥ ቢገኝ ምልክት ተደርጎበት ይታለፋል፤ ከዚያ ከወጣም በኋላ አይፈታም። ባለሙያዎቹ «ሰማያዊ ቀለም መቀባት» ይሉታል። ለእኔ ግን የታየኝ «ተከፍሏል» የሚለው ማኅተም ነው። የተመታበት ቼክ በየትኛውም መስኮት ቢቀርብ ገንዘብ አይወጣበትም፤ የዚያው ደንበኛ ሌላ ቼክ ግን ይከፈላል። ወዳጄ በመጀመሪያ የሳተው ይህንኑ ነበር፤ ቼኩን ማኅተም በመምታት ፈንታ ሒሳቡን ዘጋው፤ ስሙም በቀሩት መስመሮች ሁሉ ሳይፈታ ቀረ። በ1980ዎቹ ዴቭ ፕሮሰር ለደረጃው ኮሚቴ ያዘጋጀው ስልት መፍትሔ ሆነው፤ እያንዳንዱ ቃል የማይፈታባቸውን ስሞች ዝርዝር ለብቻው ይዞ ይሄዳል።

በ2004 ከኦፕንጂኤል 2.0 ጋር የመጣው የሼደር ቋንቋም ይህን ሁሉ በአጭር ቃል ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ ደንብ መርቶ አልፎታል። ደንቡ ግን አንድ ቀዳዳ አለው። የአንድ ማክሮ ፍቺ በሁለተኛ ማክሮ ስም ቢያልቅ፣ የሁለተኛው ቅንፍ ከውጭ ቢመጣ፣ የእርሱም ፍቺ የመጀመሪያውን መልሶ ቢጠራ፣ ይፈታ ወይስ ይታለፍ? የሲ ደረጃ ሁለቱንም መልስ ይቀበላል። በባንክ ቤት እንዲህ ያለ አጠራጣሪ ቼክ ለኃላፊ ይመራል። ወዳጄ ኃላፊ አልነበረውምና መታለፉን መርጦ መብራቱን አጠፋ።