ሰይፍን ያላወገዘው ማሃር

ቶማስ ፍራንሲስ ማሃር እ.ኤ.አ. በ1823 አየርላንድ ውስጥ በወደብ ከተማዋ በዋተርፎርድ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አያቱ ወደ ኒውፋውንድላንድ ተሰድደው በንግድ የከበሩ ሰው ነበሩ፤ አባቱ ደግሞ የከተማዋ ከንቲባ፣ ኋላም የለንደን ፓርላማ አባል ሆነዋል። ልጁ በኢየሱሳውያን ትምህርት ቤቶች፣ መጀመሪያ በአየርላንድ ቀጥሎም በእንግሊዝ ሲማር፣ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በአንደበተ ርቱዕነቱ ነበር።

ገና በ22 ዓመቱ ስሙን ያስጠራውም ይኸው አንደበቱ ነው። የአየርላንድን ፓርላማ ለማስመለስ የሚታገለው የዳንኤል ኦኮነል ማኅበር፣ አባላቱ በምንም ሁኔታ ወደ ኃይል እንደማይሄዱ ቃል እንዲገቡ በጁላይ 1846 ደብሊን ላይ ጠየቀ። ማሃር ተነሥቶ «ሰይፍን አላወግዝም» የሚል ንግግር አደረገ። ሳይጨርስ አስቆሙት፤ እሱና ባልንጀሮቹም አዳራሹን ጥለው ወጡ። ከዚያ ወዲያ «የሰይፉ ማሃር» ተባለ፤ «ወጣት አየርላንድ» የሚባለው ወገንም ከሽማግሌው መሪ ተለየ።

ጊዜው የረኀብ ነበር። በ1845 ድንች ላይ የወረደው በሽታ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ፈጅቶ ሌላ ሚሊዮን አሰደደ። በ1848 መጀመሪያ ፈረንሳዮች ንጉሣቸውን ሲያባርሩ የደብሊንና የዋተርፎርድ ወጣቶች ልብ ተነሣሣ። በማርች 7 ማሃር አረንጓዴ፣ ነጭና ብርቱካናማ ቀለም ያለው ሰንደቅ በትውልድ ከተማው ሰቀለ። አረንጓዴው ለካቶሊኩ፣ ብርቱካናማው ለፕሮቴስታንቱ፣ ነጩ በመካከላቸው ለሚወርደው ሰላም ነው። በኤፕሪልም እንዲሁ ሦስት ቀለም ያለው የሐር ሰንደቅ ከፓሪስ ይዞ መጥቶ ለደብሊን ሕዝብ አቀረበ።

ዐመፁ ግን የንግግሩን ያህል አልሆነም። በጁላይ መጨረሻ፣ ቲፐሬሪ ውስጥ ባሊንጋሪ አጠገብ፣ ፖሊሶች የአንዲት ባልቴት ቤት ውስጥ መሸጉ፤ ዐመፀኞቹ ከበው ጥቂት ተታኩሰው ተበተኑ። የሰይፍ ተናጋሪው በቦታው እንኳ አልነበረም። በኦገስት ተይዞ በኦክቶበር ክሎንሜል ላይ በአገር ክህደት ሞት ተፈረደበት። ብይኑ ወደ ዕድሜ ልክ ግዞት ሲለወጥ እሱና አብረውት የተፈረደባቸው «ሕጉ ይህን አይፈቅድም» ብለው ተከራከሩ፤ ፓርላማው ለእነሱ ሲል አዲስ ሕግ እስከ ማውጣት ደረሰ። ሰውን ከገመድ ለማዳን ያለ ፈቃዱ ሕግ ማውጣት በታሪክ ብዙ አይገኝም።

በ1849 በመርከብ ተጭኖ ዛሬ ታዝማኒያ ወደምትባለው ደሴት ተወሰደ። እንደማያመልጥ የክብር ቃሉን ስለ ሰጠ በተመደበለት ወረዳ እንደ ልቡ ይኖር ነበር፤ ትዳርም እዚያው መሠረተ። በጃንዋሪ 1852 ቃሉን ማንሣቱን ለዳኛው በደብዳቤ አሳውቆ ጠፋ፤ በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ሲደርስ ስደተኛው የአገሩ ልጅ እንደ ጀግና ተቀበለው።

ኒውዮርክ ላይ ጠበቃ፣ ተናጋሪ፣ የጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከመፈንዳቱ በፊት ልቡ ወደ ደቡቦቹ ያደላ ነበር። በ1861 ግን ለሰሜን ወግኖ ከ69ኛው የኒውዮርክ ሚሊሻ ጋር ዘመተ፤ ኋላም የአየርላንድ ብርጌድን አሰባስቦ ብርጋዴር ጄኔራል ተባለ። ከተከታዮቹ ብዙዎቹ እዚህ የተማሩትን ውጊያ አንድ ቀን እንግሊዝ ላይ ለማዋል ያልሙ ነበር። ማሃር ወታደሩ ከቅርብ እንዲዋጋ ስለ ፈለገ፣ አንድ ትልቅ ጥይትና ሦስት ትንንሽ እርሳሶች ባንድነት የሚተፋውን አሮጌ ጠመንጃ ይመርጥ ነበር። በሴፕቴምበር 1862 አንቲተም ላይ ብርጌዱ ከ500 በላይ ሰው በሞትና በቁስል አጣ።

የከፋው ፍሬድሪክስበርግ ነው፤ ዲሴምበር 13 ቀን 1862። የተቦጫጨቁት አረንጓዴ ባንዲራዎች ሊለወጡ ወደ ኒውዮርክ ተልከው ስለ ነበር፣ ማሃር እያንዳንዱ ወታደር ባርኔጣው ላይ ለምለም የቁጥቋጦ ቅጠል እንዲሰካ አዘዘ። 1,200 ያህል ሰው ገላጣውን ዳገት ይዞ ወደ ድንጋይ ካቡ ወጣ፤ 545ቱ ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም ጠፉ። ከካቡ ጀርባ ሆነው ከሚተኩሱት የጆርጂያ ወታደሮች መካከልም አየርላንዳውያን ነበሩ። እሱ ራሱ ጉልበቱ ቆስሎ ስለ ነበር እስከ ላይ አብሯቸው አልወጣም፤ ይህም ለሚነቅፉት መነጋገሪያ ሆነ። በእውነቱ ማሃር ጦር ሰብሳቢ እንጂ ታላቅ የጦር ስልት ዐዋቂ አልነበረም። በሜይ 1863 ብርጌዱን በአዲስ ሰው እንዲያጠናክር ሳይፈቀድለት ቢቀር ከአዛዥነቱ ለቀቀ።

ከጦርነቱ በኋላ የሞንታና ግዛት ጸሐፊ ሆኖ ተሾመ፤ አገረ ገዥው በሌለበትም ተጠባባቂ ሆኖ ሠራ፤ በፖለቲካ ግን ብዙ ጠላት አፈራ። በጁላይ 1 ቀን 1867 ሌሊት፣ ለግዛቱ ሚሊሻ የሚመጣ የጦር መሣሪያ ሊረከብ ፎርት ቤንተን እንደ ወረደ፣ ከእንፋሎት ጀልባ ወደ ሚዙሪ ወንዝ ወደቀ። ሰክሮ ነው የሚሉ አሉ፤ ገፍተውት ነው የሚሉም አሉ። 43 ዓመቱ ነበር፤ አስከሬኑ አልተገኘም።

በ1905 በሞንታና ዋና ከተማ በሄለና፣ ፈረስ ላይ ሆኖ ሰይፍ የመዘዘ ሐውልት ቆመለት። ዋተርፎርድ ላይ የሰቀለው ሰንደቅ በ1916ቱ የደብሊን ዐመፅ ተውለበለበ፤ በ1937 በወጣው ሕገ መንግሥትም የአየርላንድ ብሔራዊ ሰንደቅ ዓላማ ሆኖ ተደነገገ። በ1963 ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ከ69ኛው ሬጅመንት አረንጓዴ ባንዲራዎች አንዱን ደብሊን ወስዶ ለአየርላንድ ፓርላማ አስረከበ።