ውሃው ከሸሸ በኋላ
የ1998ቱ ጎርፍና የፎገራ ሜዳ ገበሬ መልሶ መቋቋም

የ1998 ዓ.ም. ክረምት በአገራችን የጎርፍ ታሪክ ከማይረሱት አንዱ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ የደቻቱ ወንዝ በድንገት ሞልቶ በድሬዳዋ ከተማ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ብዙም ሳይቆይ በነሐሴ ወር የኦሞ ወንዝ በዳሰነች አርብቶ አደሮች መንደሮች ላይ ፈስሶ 364 ሰዎችን ሲቀጥፍ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ከብቶችም አለቁ። በዚያው ክረምት በጣና ሐይቅ ዙሪያ ወንዞች ከአልጋቸው ወጥተው ፎገራን፣ ሊቦ ከምከምን፣ ደንቢያንና የባሕር ዳር ዙሪያን ቀበሌዎች አጥለቀለቁ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብም ከቤቱ ተፈናቀለ።

የድሬዳዋው ጎርፍ በአንድ ሌሊት መጥቶ በአንድ ሌሊት ሄደ። የፎገራው ግን “እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ” እንደሚባለው ነበር። ቀስ ብሎ ገባ፤ ከገባም በኋላ ማሳው ላይ ተኛ። በዚህም ምክንያት ጉዳቱ በሞቱት ሰዎች ቁጥር ብቻ የሚለካ አልነበረም። አንድ ቤተሰብ ወደነበረበት ለመመለስ ስንት ምርት ዘመን ፈጀበት ተብሎም ሊጠየቅ ይገባል።

ሜዳው ለምን ይጥለቀለቃል?

ርብና ጉማራ የሚነሡት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጉና ተራራና ከአካባቢው ደጋ ነው። ከዚያ ቁልቁል ወርደው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው የፎገራ ሜዳ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ይቀንሳል። ውሃ ሲረጋ የተሸከመውን አፈር ያወርዳል። ደጋው በተራቆተ ቁጥር የሚወርደው አፈር ይበዛል፤ የወንዙ አልጋ በደለል ይሞላል፤ በሚቀጥለው ክረምት ውሃው ዳርቻውን ጥሶ ወደ ማሳ ይወጣል።

ሌላው ምክንያት ራሱ ጣና ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ለሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውሃ አብዛኛውን ያመጣሉ። ተፈጥሯዊ መውጫው ግን በባሕር ዳር በኩል ያለው ዓባይ ብቻ ነው። ሐይቁ ሲሞላ የወንዞቹ መግቢያ ይታፈናል፤ ውሃውም ወደ ኋላ ተመልሶ በሜዳው ላይ ይተኛል።

ጎርፉ በገበሬው ቤት

የነሐሴ ጎርፍ የሚመጣው በክፉ ሰዓት ነው። ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ ሊያልቅ የተቃረበበት፣ አዲሱ ቡቃያ ገና ያልደረሰበት ወቅት ነው። ገበሬው ዘሩን ዘርቷል፣ ማዳበሪያውን በትኗል፣ ጉልበቱን አፍስሷል። በእጁ የቀረው ተስፋ ብቻ ነው። ውሃው ሲገባ የጭቃ ግድግዳ ይርሳል፣ ይፈርሳል። ጎተራ ውስጥ የቀረችው እህል ትሻግታለች። የመጠጥ ጉድጓድ ይበከላል። ሰው ከብቱን እየነዳ ወደ ጉብታ ይወጣል፤ በየትምህርት ቤቱና በድንኳን ይጠለላል። ውሃው ሲጎድል ደግሞ የቀረው ኩሬ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። ረግረጉን የጋጡ ከብቶች በጉበት ትል ይጠቃሉ። በወተቷ ለታወቀችው የፎገራ ላም ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ከሁሉም የከበደው የማይታየው ጉዳት ነበር። ማዳበሪያ በብድር ለወሰደ ገበሬ፣ ማዳበሪያው ከማሳው ጋር ሲሄድ ዕዳው በመዝገብ ላይ ይቀራል። ዕዳውን ለመክፈል ወይም ልጆቹን ለማብላት በሬውን የሸጠ ሰው፣ በሚቀጥለው ዓመት መሬት እያለው የሚያርስበት የለውም። መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ ከምርቱ ግማሹን ያጣል፤ በሬ መልሶ ለመግዛት የሚያስችል ትርፍ አያገኝም። አንድ ክረምት የወሰደውን ለመመለስ ብዙ ዓመታት የሚፈጀው በዚህ መንገድ ነው።

ጓያ፣ ሩዝና ባሕር ሸሽ

የጣና ዳር ገበሬ ከውሃ ጋር መኖርን ያወቀው ከጥንት ነው። ሐይቁ ወደ ኋላ ሲመለስ የሚተወውን መሬት “ባሕር ሸሽ” ይለዋል። ጎርፉ ጥሎት የሚሄደው ደለልና እርጥበትም ያለ ዝናብ ሰብል ያበቅላል። በ1998ቱ ክረምት ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ መልሶ ለመነሣት የመጀመሪያው ዕድል ይኸው እርጥበት ነበር። ሽምብራና ጓያ በቀረ እርጥበት የሚበቅሉ ናቸውና።

ይሁን እንጂ በዚህ ውስጥ አደጋም አለ። ጓያ ድርቅንም ረግረግንም ስለሚችል ሌላው ሲጠፋ እሱ ይተርፋል። የተራበ ቤተሰብ ጓያን ብቻ ለወራት ሲበላ ግን እግር የሚያሽመደምድ በሽታ ይመጣል፤ አንዴ ከያዘም አይድንም። በ1970ዎቹ ግድም የተደረገ የሕክምና ጥናት ይህ በሽታ ከታየባቸው አካባቢዎች መካከል ደንቢያንና ፎገራን አመልክቷል። ስለዚህ ከጎርፍ በኋላ ለተጎዳ ቤተሰብ ከጓያ ጋር ተቀላቅሎ የሚበላ ሌላ እህል ማድረስ የአካል ጉዳት መከላከያም ነው።

ሩዝ ወደ ፎገራ የገባበት ታሪክም ከኅብረት ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። በ1970ዎቹ ከሰሜን ኮርያ በመጡ ባለሙያዎች ድጋፍ ሩዝ የተሞከረው ጅግናና ሻጋ በተባሉት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበር። “ኤክስ ጅግና” የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። እነዚያ ማኅበራት ሲፈርሱ የሩዝ ልማቱም ተዳክሞ ነበር፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ግን እንደገና ተነሣ። ቀድሞ ለግጦሽ ብቻ ይውል የነበረ ውሃ የሚተኛበት መሬት ሩዝ አበቀለ። ዛሬ ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። ሩዝ የተኛ ውሃን ይችላል፤ ጨርሶ ተሸፍኖ ሲሰነብት ወይም በደለል ሲቀበር ግን እሱም ይጠፋል።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ከጎርፉ በኋላ በርብ ወንዝ ላይ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የታቀደ ግድብ ተሠርቷል። ያም ሆኖ በ2012 ዓ.ም. ክረምት የጣና ዙሪያ ሜዳ እንደገና ተጥለቅልቋል። ግድብ ከበላዩ ያለውን ውሃ ይይዛል፤ ከበታቹ የሚገባውን ጅረትና ከሐይቁ ተመልሶ የሚመጣውን ውሃ አይይዝም። በጉና ተዳፋት ላይ የሚሠራ እርከን የታችኛው ሜዳ ገበሬም ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው። የደጋውና የሜዳው ማኅበራት በአንድ ወንዝ የተሳሰሩ ናቸው።

በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የተቋቋመው የኅብረት ሥራ ሥርዓት አባላት ብቻቸውን የማይወጡትን ችግር በጋራ እንዲወጡ ታስቦ የተሠራ ነው። ጎርፍ ለዚህ ዓላማ እውነተኛ ፈተና ነው። የዘር መጋዘኑ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው ወይ? ውሃው እንደሸሸ የሚዘራ የሽምብራ ዘር ተዘጋጅቷል? የቁጠባው ገንዘብ አንድ አባል በሬውን ከመሸጡ በፊት ይደርስለታል? የብድር መክፈያው ጊዜ ማሳው ለጠፋበት ሰው ይራዘማል? እነዚህ ጥያቄዎች መመለስ ያለባቸው በበጋ ነው። በነሐሴ ውሃው በር ላይ ሲደርስ የስብሰባ ጊዜ የለም።

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይባላል። በ1998ቱ ክረምት በሬውን ሳይሸጥ መስከረምን የተሻገረ ገበሬ በጥቅምት ጠምዷል። በሬውን የሸጠው ግን ጎረቤቱ ሲያርስ ቆሞ ተመልክቷል። ማኅበር የሚያስፈልገው ያ ሰው ቆሞ እንዳይቀር ነው።