ውኃ የገደለው ችግኝ፦ ከሰቆጣ የችግኝ መደብ የተነሣ የታሪክ ጥያቄ



ዛሬ ላነሣው የመረጥሁት ታሪክ ከአንድ እፍኝ አፈር ይጀምራል። በወጣትነቴ ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የችግኝ ጣቢያ ለጥቂት ወራት በቀን ሠራተኝነት አገልግያለሁ። ወሩ መጋቢት ነበር። የዋግ ተራሮች ተራቁተው፣ ምንጮቹ ቀጥነው፣ ውኃው በሴቶች ጀርባና በአህያ ጭነት ከሩቅ ይመጣ ነበር። ችግኝ በጥም እንዳይሞትብን ስለምንፈራ ጠዋትም ማታም እናጠጣለን። ጥቂት ቆይቶ ቅጠሉ መጠውለግ ጀመረ። ጥም መስሎን ጨመርንበት፤ ይበልጥ ጠወለገ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት ሠራተኛ አንዱን ቱቦ በካራ ቀደው አሳዩን። ሥሩ ጠቁሯል፤ አፈሩ ጭቃ ሆኖ የረጋ ኩሬ ይሸታል። «ልጆቼ፣ ይህ የሞተው ሰምጦ ነው» አሉን።

ያ ቃል እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። በድርቅ ስሙ በሚነሣ ምድር፣ እናቶች ተሸክመው ባመጡት ውኃ፣ ችግኝ እንዴት ሰምጦ ይሞታል?

መልሱ ሥር ምን እንደሆነ ከማወቅ ይጀምራል። ሥር ውኃ ብቻ የሚጠጣ አካል አይደለም፤ ይተነፍሳልም። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት በውኃ ከተሞላ አየር መግቢያ ያጣል፤ ሥሩም ታፍኖ ይበሰብሳል። የታፈነ ሥር ውኃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ በውኃ መካከል ቆሞ ይጠወልጋል። እኛን ያሳተን ይኸው ነበር፤ የጥምና የስጥመት ምልክት በቅጠል ላይ አንድ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የዕቃው ጠባይ ነው። በማሳ ላይ የፈሰሰ ውኃ ከሥሩ ያለው አፈር እየሳበው ወደ ጥልቅ ይወርዳል። በዕቃ ውስጥ ግን አፈሩ ከታች ይቋረጣል፤ ውኃው የዕቃው ወለል ላይ ሲደርስ በአፈሩ ቀጫጭን ክፍተቶች ተይዞ ይቀራል። በውኃ የተነከረ እስፖንጅ በጠፍጣፋው ይዛችሁ መንጠባጠቡን እስኪያቆም ጠብቁ፤ ከዚያ በቁመቱ አቁሙት፤ እንደገና ይንጠባጠባል። አጭር ዕቃ ከረጅሙ ይልቅ ለምን ረግረግ እንደሚሆን ይህ ያስረዳል። ብዙዎች እንደሚያደርጉት ከዕቃው ሥር ጠጠር መደልደልም አይረዳም፤ የረጠበውን ንብር ወደ ሥሩ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም።

በአገራችን የተለመደው የፕላስቲክ ቱቦ ብዙ ጊዜ ከታችም ክፍት ነው። በላላ መደብ ላይ ሲደረደር አፈሩ ከምድር ጋር ይገናኛልና ትርፉ ውኃ ይወርዳል። ያን ቱቦ በተረገጠ ዋልካ ወይም በሲሚንቶ ላይ ብታቆሙት ያ ጥቅም ይጠፋል። የእኛ መደብ በእግር ብዛት እንደ አውድማ የተደለደለ ነበር።

አሁን ወደ ታሪኩ እመለሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1829 በለንደን ናትናኤል ዋርድ የተባለ ሐኪም የእሳት ራት ሙሽሬ በእርጥብ አፈር ውስጥ አድርጎ በብርጭቆ ዕቃ ከደነው። ከሙሽሬው ይልቅ ያስደነቀው ሳይዘራው ከአፈሩ የበቀለው ፈርንና ሣር ነበር። ውኃው እየተነነ፣ በብርጭቆው ላይ እየጠዛ፣ ተመልሶ አፈሩን ያርስ ነበር። በ1833 በዚሁ መንገድ የተከደኑ ሣጥኖች ወደ ሲድኒ በመርከብ ተጭነው ተክሎቹ በሕይወት ደረሱ። ሮበርት ፎርቹን የቻይናን ሻይ ወደ ሕንድ ያሻገረው በእነዚህ ሣጥኖች ነው። በዚያው ዘመን፣ ከ1837 ጀምሮ በትግራይና በስሜን የኖረው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር የአገራችንን ዕፅዋት አድርቆ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። የዋርድ ሣጥን እርጥበትን በማቆየት ሕያውን ተክል አሻገረ፤ የሺምፐር ወረቀት እርጥበትን በማስወገድ የሞተውን ጠበቀ።

ይሁን እንጂ የዋርድ ሣጥን ለፈርን የተመቸውን ያህል ለሁሉ አይመችም። አየር የማይዘዋወርበት እርጥብ ጥላ የሻጋታ ቤት ነው። ዳምፒንግ ኦፍ የሚባለው በሽታ እንዲህ ባለ ቦታ ገና የበቀለውን ችግኝ በአፈሩ ጥግ ላይ ያቀጥነውና በአንድ ሌሊት ይጥለዋል።

የአፈር ድብልቅን በሥርዓት ለመወሰን የተደረገው ጥረት ደግሞ በ1930ዎቹ በእንግሊዝ አገር በጆን ኢነስ ተቋም ፍሬ አፈራ። ዊልያም ሎረንስና ጆን ኒዌል 7 እጅ በሙቀት የታከመ ለም አፈር፣ 3 እጅ ፒት፣ 2 እጅ አሸዋ የሚል ቀመር አወጡ። በአሜሪካ በ1957 በኬኔት ቤከር አርታኢነት የወጣው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መመሪያ ከዚህ ርቆ በጥሩ አሸዋና በፒት ላይ ተመሠረተ። ሁለቱም የጋራ እምነት ነበራቸው፤ በዕቃ ውስጥ የሚገባ አፈር የማሳ አፈር ሊሆን አይችልም።

በእኛም አገር ቀመር አለ። «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» ይባላል፤ የአካባቢ አፈር፣ ብስባሽ ወይም የደን አፈር፣ አሸዋ። ከ1977 ዓ.ም. ረሀብ በኋላ በወሎ ተራሮች ላይ በምግብ ለሥራ እርከን ሲሠራና ዛፍ ሲተከል፣ ችግኝ ማፍላት የብዙ ሺህ እጆች ሥራ ሆነ። ቀመሩ ግን «የአካባቢ አፈር» ሲል የትኛውን አፈር ነው? ለቀላል አፈር አንድ እጅ አሸዋ ሊበቃው ይችላል። በዋልካ ላይ የተጨመረ ጥቂት አሸዋ ግን በጭቃው መካከል ተውጦ ይቀራል፤ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ ሲረጥብ አየር ይከለክላል። በዚያ ጣቢያ ቀመሩን አንድ እፍኝ ሳናጓድል ፈጽመን ነበር። የሞቱብን ቀመሩን ስለጣስን አልነበረም።

እኔ ከዚህ የምወስደው የታሪክ ፍርድ ይህ ነው። መመሪያ ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄድ ቁጥሩ ይጓዛል፤ ቁጥሩን የወለደው አፈር ግን እዚያው ይቀራል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ብዙዎቻችን ኮርተናል። እኔ ግን የማስበው ከዚያ በፊት ስላሉት ወራት ነው፤ በመደብ ላይ ሥሩ የታፈነ ችግኝ ቆሞ ሊቆጠር፣ ተተክሎም ሊቆጠር ይችላልና።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስወገድ የገባው ቃል የሰቆጣን ስም ይዟል። ያ ቃል በየጓሮው ጎመንና ቲማቲም የሚያፈላ እጅ ይፈልጋል። ለዚያ እጅ የምንነግረው ቀላል ነው፦ ከማጠጣትህ በፊት ቱቦውን አንሥተህ ክብደቱን መዝን፤ ጣትህን አስገብተህ ዳስስ፤ ሌሊቱን ቅጠሉ ደርቆ እንዲያድር ጠዋት አጠጣ፤ ክረምት ሲገባ የዳሱን ጥላ ቀስ በቀስ አንሣ፤ ቱቦዎቹን አራርቀህ ነፋስ እንዲያልፍ አድርግ። አፈርህንም አርጥበህ በእጅህ ጨብጠው፤ ተድቦልቡሎ አልፈርስ ካለ አሸዋውንና ብስባሹን አብዛ።

እኒያ አዛውንት ፊደል አልቆጠሩም ነበር። ሆኖም ከእኛ መካከል ቱቦውን ለመቅደድ ያሰቡት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ተማሪዎቼ ከዚህ አዳራሽ ይዛችሁ እንድትወጡ የምመኘው ያንን ካራ ነው።